የውስጡን መቀነት ማጥበቅ፦ ለቆየ የወገብ ህመም በቤት የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች

ከኩታበር በኩል የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ደሴ ውስጥ በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ አልጋው ላይ ከመውጣታቸው በፊት መቀነታቸውን እንዲፈቱት ጠየቅኋቸው። ሦስት ዙር ተጠምጥሞ በጎን የተሸጎጠ፣ ጫፉ ላይ የመሳፈሪያ ብር የተቋጠረበት መቀነት ነው። እጃቸው ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ቆመና «ልጄ፣ ይህ ሲፈታ ወገቤም አብሮ ይፈታል» አሉኝ። ለአምስት ዓመት ያህል ሲተኙ እንኳ ፈትተውት አያውቁም።

እማማ ነገሩን አልሳቱትም፤ የሳቱት ቦታውን ነው። ወገብን የሚያጸና መቀነት በእርግጥ አለ፤ ያለው ግን ከቆዳ በታች ነው። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ በስተውስጥ አንድ ስስ ጡንቻ ከጀርባ ተነሥቶ ግራና ቀኙን ዞሮ ከፊት ይገናኛል። ከኋላ አምስቱን የወገብ አከርካሪ አጥንቶች እርስ በርስ የሚያያይዙ አጫጭር ጡንቻዎች አሉ። ከላይ የመተንፈሻው ጡንቻ፣ ከታች ሽንትን የምንቋጥርበት ጡንቻ ክዳንና መቀመጫ ይሆኑታል። እነዚህ ሲተባበሩ ወገብ እህል እንደ ሞላው ጆንያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲሰንፉ ግማሹ እንደ ተራገፈ ጆንያ ይታጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ነገር አሳዩ። ጤነኛ ሰው ክንዱን ሊያነሣ ሲል ያ የውስጥ ጡንቻ ክንዱ ከመንቀሳቀሱ አስቀድሞ ይጠብቃል። የወገብ ህመም ባለባቸው ሰዎች ግን ጡንቻው ዘግይቶ ይነቃል። ማረጋጊያ የሚባሉት እንቅስቃሴዎች የተስፋፉት ከዚህ በኋላ ነው። ሐቁን ለመናገር፣ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች እነዚህ እንቅስቃሴዎች ምንም ካለመሥራት እንደሚሻሉ፣ ከሌላው የአካል እንቅስቃሴ ግን በረጅም ጊዜ ብልጫ እንደሌላቸው አሳይተዋል። ታዲያ ለምን እነሱን አስተምራለሁ? መሣሪያ አይጠይቁም፣ በአንድ ሰሌን ስፋት ላይ ይሠራሉ፣ መንቀሳቀስ የፈራ ሰውም በቀላሉ ይጀምራቸዋል። ይህ ይበቃኛል።

ከመጀመርዎ በፊት

መመሪያው የተጻፈው ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለቆየ፣ ሲሠሩ ለሚብስና ሲያርፉ ለሚቀል የወገብ ህመም ነው። ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳያውቁት ከመጣ፣ አንዱ እግር እየዛለ ጫማው መንገድ ላይ የሚወልቅ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አጥፈው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ነገ የሚባል ነገር የለውም።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ አብሮ ካለም እንቅስቃሴ አይጀምሩ። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል፤ አከርካሪንም ይይዛል። ያልተፈላ ወተት መጠጣት ልማድ በሆነበት ቤት ደግሞ ብሩሴሎሲስ ትኩሳትና የወገብ ህመም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ካንሰር ታክመው የሚያውቁ፣ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቀው የታመሙ፣ እርጉዝ የሆኑም አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

አሁን ስለ ኩላሊት። በእኛ አገር የወገብ ህመም ሁሉ የክርስትና ስሙ ኩላሊት ነው። የኩላሊት ህመም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ከመጨረሻው ጎድን ሥር፣ በአንድ ጎን ይሆናል፤ ቢቀመጡም ቢተኙም እምብዛም አይለወጥም፤ ትኩሳት ወይም የሽንት ማቃጠል ያስከትላል። ሽንትዎን ያስመርምሩ። ሐኪሙ ኩላሊት አይደለም ካለዎት ግን ይመኑት፤ በየወሩ ክሊኒክ እየቀያየሩ ያንኑ ምርመራ አይድገሙ።

«ዲስክዎ ተንሸራቷል» የሚል የኤምአርአይ ወረቀት ይዘው አንገታቸውን ደፍተው የሚመጡም ብዙ ናቸው። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ምንም ህመም የሌላቸውን ሰዎች የአከርካሪ ምስል አይቶ ነበር። በ20 ዓመት አካባቢ ካሉት መቶኛ 30፣ በ80 ዓመት አካባቢ ካሉት ደግሞ መቶኛ 84 የሚሆኑት ዲስካቸው አብጦ ታይቷል። ሽበት እንደማለት ነው። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ እግር ላይ ድካም እስካልመጣ ድረስ መንቀሳቀስ አይከለክልዎትም።

ቦታና ሰዓት

የሚሰምጥ ፍራሽ አይሆንም። መሬት ላይ ሰሌን፣ በላዩ አጎዛ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይበቃል። የደሴ ብርድ ጡንቻን ስለሚያደርቅ ካልሲ አያውልቁ። እንደ ነቁ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ አይሥሩ፦ ዲስክ ሌሊቱን ውሃ ስቦ ስለሚያብጥ ጠዋት ላይ መታጠፍን አይወድም። ከሰዓት በኋላ ወይም ከእራት በፊት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመቻል።

አንድ፦ መቀነቱን መፈለግ

ሁሉም በዚህ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። ሁለት ሳምንት ቢወስድብዎትም አይቆጭም።

በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው የሁለቱንም እግር መዳፍ መሬት ያስረግጡ። እጅዎን ከወገብዎ ሥር ቢያስገቡ በቀላሉ የምትገባ ክፍተት ትኖራለች። ክፍተቷን አያስፉ፣ ወገብዎንም ከመሬት አያጣብቁ፤ እንዳለች ይተዋት። ከፊት በግራና በቀኝ ጎልተው የሚዳሰሱትን የዳሌ አጥንቶች ይፈልጉ፤ ከእነሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ መሐልና ትንሽ ወደ ታች ጣቶችዎን ያሳርፉ። አንዴ ሳል ይበሉ። ከጣትዎ ሥር ዘልሎ የመታዎት ሥፍራ እሱ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ዝላዩን ሳይሆን ዝግ ያለውን መጥበቅ ነው።

አየር ይሳቡ፤ ሆድ ይነፋ። ሲያስወጡ ከእምብርት በታች ያለውን ሆድ ከቀሚስዎ ወይም ከሱሪዎ መታጠቂያ ለማሸሽ ያህል በቀስታ ወደ ውስጥ ይሰብስቡ። ሽንት መንገድ ላይ ሲይዝዎት እንደሚቋጥሩት ዓይነት ነው፤ ኃይሉ ግን ካለዎት አቅም ሩቡ ብቻ። ከጣትዎ ሥር ጡንቻው ቀስ ብሎ ሲወጠር ይሰማዎታል። ወደ ላይ ገፍቶ ጣትዎን ካነሣው ሆድዎን እየነፉ ነውና እንደገና ይጀምሩ።

እንደያዙ አሥር ይቁጠሩ፤ ድምፅዎን አውጥተው። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ማፈን አይችልም፤ የዚህ እንቅስቃሴ ትልቁ ጠላት ደግሞ ትንፋሽ ማፈን ነው። አንድ ሽማግሌ በመቁጠር ፈንታ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዚክር ያደርጉ ነበር፤ ከእኔ ቁጥር የእሳቸው ተሻለ። ከአሥር በኋላ ይልቀቁ፣ ይረፉ፣ አሥር ጊዜ ይድገሙ። መጀመሪያ አራት ላይ የሚያልቅብዎት ከሆነ በአራት ይጀምሩ።

ተኝተው ሲችሉት ተቀምጠው፣ ከዚያ ቆመው፣ ከዚያ እየሄዱ ይሞክሩት። ታክሲ ሲጠብቁ ማንም ሳያውቅ የሚሠራ ነው።

ሁለት፦ እግር ሲንቀሳቀስ ወገብ እንዳይከተል

በዚያው አተኛኘት መቀነቱን ያጥብቁና አንዱን ተረከዝ መሬት ለመሬት እያንሸራተቱ እግሩን ይዘርጉ፣ ይመልሱ። ከዚያ ሌላውን። ከወገብዎ ሥር ያለችው ክፍተት ሰፋች ወይም ጠበበች ማለት መቀነቱ ላልቷል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ። ይህ ሲቀልዎት እግሩን አጥፈው ከመሬት አንድ ስንዝር ያንሡ፤ ከዚያም ተቃራኒውን ክንድ አብረው ወደ ራስጌ ይላኩ።

ሦስት፦ ዳሌ ማንሣት

ጉልበት እንደታጠፈ መቀነቱን አጥብቀው መቀመጫዎን ከመሬት ያንሡ፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ሲል ያቁሙ። አምስት ይቁጠሩ፣ ይውረዱ። አሥር ጊዜ። ሥራው የመቀመጫ ጡንቻ ነው፤ ቁርጠት ከጭንዎ ኋላ ከያዘዎት ተረከዝዎን ወደ መቀመጫዎ ያቅርቡ።

አራት፦ የሲኒው ፈተና

በካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አከርካሪን ያጠኑት ስቱዋርት ማክጊል ከሚመርጧቸው ሦስት እንቅስቃሴዎች አንዱ ይህ ነው። ሲኒውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

በእጅና በጉልበትዎ ይቁሙ፤ እጅ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። መጀመሪያ ለማፍታታት ጀርባዎን እንደ ተቆጣች ድመት ወደ ላይ ያጉብጡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ታች ያውርዱ፤ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ፣ ጥግ ድረስ ሳይገፉ። አሁን ሁለቱ ጫፎች መሐል ላይ ያቁሙት። አንድ ሰው ባዶ የቡና ሲኒ ወገብዎ ላይ ያስቀምጥልዎ፤ ጠርዙ የተሸረፈውን ይምረጡ፣ መውደቁ አይቀርምና።

መቀነቱን ያጥብቁ። ቀኝ እግርዎን መሬት ለመሬት ወደ ኋላ ይዘርጉ፤ ጣቱ ከሰሌኑ ሳይነሣ። ሲኒው አለ? እንግዲያው እግሩን እስከ መቀመጫ ከፍታ ያንሡ፣ ከዚያ በላይ አይሂዱ። ሲኒው የሚወድቀው ሁልጊዜም በዚህች ቅጽበት ነው፤ እግሩ ሲነሣ ዳሌ ወደ ጎን ስለሚከፈት። የተነሣው እግር ጣቶች ወደ መሬት እንዲያዩ ያድርጉ፤ ዳሌው ይዘጋል። ይህ ሲረጋ ግራ እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። ስምንት ይቁጠሩ። ይመልሱ፣ በሌላው ይድገሙ።

የኩታበሯ እናት በመጀመሪያው ቀን እግራቸው ከመሬት ሳይላቀቅ ሲኒው ተንከባለለ። «ሲኒውም ወገቤን ጠላው» ብለው ሳቁ። በአራተኛው ሳምንት እስከ ስድስት ቆጠርን፤ ልጃቸው አጠገባቸው ተንበርክካ እጇን እንደ ሳህን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር።

ጉልበት ለሚያማቸው ከጉልበት በታች ትራስ። ያም ካልሆነ ቆመው ጠረጴዛ ተደግፈው ይሥሩት።

አምስት፦ የጎን ድጋፍ

በጎንዎ ተኝተው ክርንዎን ከትከሻዎ ሥር ያድርጉ፤ ጉልበትዎን አጥፈው ዳሌዎን ከመሬት ያንሡ። ስድስት ይቁጠሩ። በየጎኑ አምስት ጊዜ። እግር ዘርግቶ መሥራት ኋላ ይመጣል፤ ለብዙ ሰው ግን በጉልበት የሚሠራው ይበቃዋል። ትከሻ የሚያማቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ሊሠሩት ይችላሉ።

ሆድን ለማጠንከር እያሉ ከተኙበት እየተነሡ የሚቀመጡበትን ስፖርት ግን ተዉት። ዲስክን አጥብቆ ስለሚጫን ለታመመ ወገብ አልመክረውም።

ህመሙን እንዴት እንስማው

በሚሠሩበት ጊዜ ትንሽ ህመም ቢኖር አያስደነግጥ። ከዜሮ እስከ አሥር ቢለኩት ሦስትን ካላለፈና በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ መንገዱ ትክክል ነው። ማግስቱንም ከቀጠለ ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንሱ፤ እንቅስቃሴውን አይተዉት። ህመሙ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከመጣ ወገቡ ቢያምም መልካም ምልክት ነው። ከወገብ ወደ እግር እየወረደ ከሄደ ግን ያቁሙና ባለሙያ ያሳዩ።

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። ወደ ሥራ ስገባ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ዓይነት እንቅስቃሴ በወረቀት ስዬ እሰጥ ነበር፤ ሲመለሱ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ኪሳቸው ውስጥ ይገኛል፤ የሠራው ግን የለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን በመጀመሪያው ቀን አንዱን ብቻ አስተምራለሁ። እርስዎም አንዱን አሥር ጊዜ፣ ትንፋሽ ሳያፍኑ ሳይሠሩ ወደ ሚቀጥለው አይሂዱ። ለውጡን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይጠብቁት፤ ሜዳ ሜዳውን በእግር መሄድንም ያክሉበት።

መቀነቱን ወደ ሥራ መውሰድ

ሰሌን ላይ ብቻ የሚጠብቅ መቀነት ዋጋ የለውም። ከመነሣትዎ፣ ከማንሣትዎ፣ ከመታጠፍዎ በፊት አስቀድሞ ይጥበቅ።

መታጠፍ ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ ይሁን። ይህን ለማስረዳት ከሩኩዕ፣ በሶላት ቆሞ ከማጎንበስ፣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በወጉ የሚያደርግ ሰው እጁ ጉልበቱ ላይ፣ ጀርባው እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። ከሰሌን ላይ ዕቃ ለማንሣትም ያንኑ ያድርጉ፣ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ። ለሱብሂ ሲነሡ ወገብ ገና አልተፍታታምና ከመስገድዎ በፊት ቤት ውስጥ ጥቂት ይመላለሱ። በዐቢይ ጾም ብዙ ስግደት ያለባቸውም መጀመሪያ አንዱን ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ እጃቸውን ያሳርፉ፤ ሲነሡ በተገላቢጦሹ። ህመሙ በጠናበት ቀን ምን እንደሚቀልልዎ የሃይማኖት አባትዎን ይጠይቁ፤ ለታመመ ሰው የሚጨክን አላየሁም።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ዳገት መውጣት ወገብን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጅ ይያዙ፤ ሲያነሡ ከሰውነትዎ ያጣብቁት። የሊጥ ባልዲ ከመሬት ወደ በርጩማ ይውጣ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው እስከ ክርን ከፍታ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ጤፍ የሚያርሙ፣ በቃሉና በባቲ በኩል ማሽላ የሚያጭዱ ቀኑን ሙሉ ከሚጎነበሱ አንዱን ጉልበት አንበርክከው ይሥሩ፤ አንድ ትልም ሲጨርሱ ይቁሙ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ ይለጠጡ። የባጃጅ ሾፌር ፎጣ ጠቅልሎ ከወገቡ ኋላ ያድርግ።

ቡናውንም አልረሳሁትም። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ከአቦል እስከ በረካ ሳይነሡ መቀመጥ ለወገብ ፈተና ነው። በአቦልና በቶና መካከል ተነሥተው ደጅ ደርሰው ይምጡ፤ ዕጣኑን የሚጨምሩት እርስዎ ከሆኑ ሰበብም አያስፈልግዎ።

ሲያገረሽ

ያገረሻል። ከባድ ሸክም፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ወይም ያለ አንዳች ምክንያት አንድ ጠዋት ይዞዎት ይነሣል። አልጋ ላይ አይክረሙ፤ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ረገብ ይበሉና ወደ መጀመሪያው እንቅስቃሴ ብቻ ይመለሱ። የሞቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ማድረግ ያፍታታል። ህመሙን ችሎ አጭር መንገድ መሄድ ከመተኛት ይሻላል። ወጌሻ ጀርባዎ ላይ እንዲቆም ግን አይፍቀዱ።

በእነዚያ ቀናት መቀነት ወይም የወገብ ቀበቶ ለጥቂት ሰዓት ቢያስሩ አልቆጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም ቀበቶን በመደበኛነት መጠቀምን አይመክርም፤ የሚመክረው ትምህርትንና እንቅስቃሴን ነው።

የኩታበሯ እናት በሦስተኛው ወር ሲመጡ ሲኒው ስምንት እስኪቆጠር አልወደቀም። መቀነታቸውን ግን አሁንም ታጥቀውታል፤ ጣቴን ባስገባ የሚገባ፣ ላላ ያለ። «እማማ፣ አልተዉትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ የመሳፈሪያዬን የት ልቋጥረው ልጄ?»